በራሷ የምትነሳው ማዳም

«ዋላሂ እኔ አልነካኋትም!»

«ታዲያ ማን ነካት? ጂን ነው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ! ትናንት ስንወጣ ዓይኗ ቦግ ብሎ ነበር። እንዲያውም ደህና እደሪ ብያት ነው የወጣሁት።»

«ደህና እደሪ ብለሽ አጥፍተሻታላ! የሚተኛ ሰው መብራት አይጠፋለትም?»

«ኧረ እትዬ ጦይባ፣ አላህን ፍሪ!»

ዩኑስ የወጥ ቤቱን በር ገፋ ሲያደርግ ጠቡ እዚህ ላይ ደርሶ ነበር። ጦይባ ጭልፋዋን እንደ ዱላ ይዛ ምድጃው ፊት ቆማለች። ሹኩሪያ ደግሞ ሽንኩርት ስትከትፍ ዓይኗ ስላነባ፣ ለማያውቅ ሰው ያለ ጥፋቷ የተገረፈች ትመስላለች። እሱን ሲያዩ ሁለቱም አገጫቸው ሥር የወረደውን ማስክ ወደ አፍንጫቸው ሳብ አደረጉና ባንድ አፍ፣ «መጣ! አልሐምዱሊላህ!» አሉ። ጠቡም በዚያው በረደ፤ ባለፉት ሁለት ወራት በየጠዋቱ እንደሚበርደው።

የተጣሉባት ማዳም ፍሪጁ አናት ላይ ፊቷን አጥቁራ ተቀምጣለች። ማዳም ሰው አይደለችም፤ ኮምፒውተር ናት። ቡር ዱባይ ያለ አንድ መሥሪያ ቤት አርጅተዋል ብሎ ሊጥላቸው ከደረደራቸው ዕቃዎች መካከል የተረፈች። ዩኑስ እዚያ መሥሪያ ቤት ሻይ አፍልቶ የሚያዞር፣ ወረቀት የሚያባዛ ሠራተኛ ነበር። ኮምፒውተሮቹን የሚጠብቀው ሕንዳዊ የኬረላ ሰው ጉልበቱን ስለሚያመው ጠረጴዛ ሥር ገብቶ ሽቦ የሚጎትትለት ፈለገና ዩኑስን ያዘ። በአራት ዓመት ውስጥ ሽቦ መጎተቱ ኪቦርድ ወደ መምታት አደገ። ሰውዬው ትዕግሥት ነበረው፤ «ስክሪኑ የሚልህን እስከ መጨረሻው አንብብ፤ ሰው የሚሳሳተው ግማሹን አንብቦ ስለሚሮጥ ነው» ይለው ነበር። በመጋቢት ኮሮና ሲመጣ መሥሪያ ቤቱ ተዘጋ። ሠራተኛው ሁሉ «እስክንጠራችሁ» ተብሎ ያለ ደመወዝ ወደየቤቱ ተሸኘ። ዩኑስም ያችን አሮጌ ኮምፒውተር ታቅፎ፣ ቤድ ስፔስ የሚሉት የአልጋ ኪራይ ርካሽ ነው ወደሚባልበት ወደ አጅማን መጣ።

ያገኘው አልጋ ከአንድ የሐበሻ ምግብ ቤት በላይ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። የምግብ ቤቱ ባለቤት ፈረጅ የካቲት መጨረሻ ላይ ለወንድሙ ሠርግ ኮምቦልቻ ሄዶ እዚያው እንዳለ አውሮፕላን ቆመ። «ጦይባ፣ ቁልፉ አንቺ ጋ ነው፤ አላህ ያግዝሽ» ብሎ በስልክ አስረከባት። ጦይባ እስከዚያ ቀን ድረስ ምግብ አብሳይ ብቻ ነበረች። ወንበሮቹን ጠረጴዛ ላይ ገለበጠችና፣ «የሚበላው ሰው ካልመጣ እኛ ወዳለበት እንሄዳለን» ብላ ለሶናፑር የሠራተኛ ካምፖች፣ ሚርዲፍ ቪላ ውስጥ በር ለተዘጋባቸው ሞግዚቶችና ሾፌሮች ምሳ መላክ ጀመረች። ትዕዛዙን ፋሪዳ የምትባል ዘመዷ ሻርጃ ቤቷ ተቀምጣ በስልክ ትቀበላለች። ሹኩሪያ ሆቴል ክፍል ታጸዳ የነበረች፣ ከሥራ የተቀነሰች ልጅ ናት፤ እዚህ ትከትፋለች፣ ታሽጋለች፣ ታስቃለች።

መጀመሪያ ትዕዛዙ በወረቀት ነበር። ፋሪዳ በስልክ ትናገራለች፤ ሹኩሪያ ዘይት በነካው እጇ ትጽፋለች። አንድ ቀን ወረቀቱ ከሽንኩርት ልጣጭ ጋር ተጥሎ ኖሮ፣ ሶናፑር ላይ ሃያ ሰው የካምፑ በር ላይ ቆሞ ምሳ ሲጠብቅ ዋለ። ጦይባ ያን ቀን እንደ ሕፃን አለቀሰች። በማግስቱ ዩኑስ ኮምፒውተሯን ከአልጋው ሥር አውጥቶ ፍሪጁ አናት ላይ ሰቀላት።

አቅሟ ደካማ ስለሆነ ሊኑክስ የሚባለውን ቀላል ሲስተም ጫነባት፤ ያውም ሥዕል የሌለውን፣ ማውስ የማይፈልገውን፣ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ነጭ ጽሑፍ ብቻ የሚያወጣውን። ዘጠኝ ቀን ቁጭ ብሎ አንዲት ትንሽ የተርሚናል ፕሮግራም ጻፈላት። ፋሪዳ ሻርጃ ሆና ስልኳ ላይ የምታስገባው ትዕዛዝ አጅማን ላይ በነጭ መስመር ይወጣል፤ ምግቡ ሲታሸግ ሹኩሪያ አንድ ቁልፍ ትጫናለች፣ መስመሩ ይጠፋል። ጥቁሩ ሰሌዳ የእኛን ፊደል ስለማያውቅ ለየቦታው አንዳንድ የፈረንጅ ፊደል ሰጠው። ጦይባ የፈረንጅ ፊደል አልቆጠረችም፤ ግን የሥጋ መስቀያ የምትመስለው ሶናፑር፣ ሁለት ጉብታ ያላት ሚርዲፍ መሆናቸውን በሳምንት ውስጥ ከማንም በላይ ለየች። ትዕዛዝ ከሌለ ደግሞ መሐል ላይ አንድ ትልቅ ዜሮ ይወጣል።

«ይቺ እኮ ማዳም ናት» አለች ሹኩሪያ በሁለተኛው ቀን። «ከጠዋት እስከ ማታ ‹ይህን ሥሪ፣ ያን አምጪ፣ ያላ ቶሎ በይ›! አንድ ቀን እንኳ ‹ሹክረን› አይወጣትም።» ስሟ በዚያው ጸደቀ።

ማዳም ግን አንድ አመል አላት። ጠፍታ በበራች ቁጥር ስም ትጠይቃለች፤ ፓስዎርድ ትጠይቃለች፤ ከዚያም አንድ ሰው ፕሮግራሙን በስሙ ጠርቶ ካላስነሳላት አንዲት ትንሽ ምልክት እያርገበገበች ዝም ትላለች። ዩኑስ ለሹኩሪያ ሊያስተምራት ሞክሮ ነበር። ታዲያ በዚያ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ፓስዎርድ ሲጻፍ ምንም አይታይም፤ ነጥብ እንኳ አይወጣም። ሹኩሪያ «አልያዘልኝም» እያለች ሦስት ጊዜ አከታትላ ጻፈችው፤ ሦስት ጊዜ ተከታትሎ የተጻፈ ፓስዎርድ ደግሞ ፓስዎርድ አይደለም። «እኔ የማትመልስልኝን ሴት አላናግርም» ብላ ተወችው። ስለዚህ በየጠዋቱ ጦይባ በወጥ ቤቱ መስኮት አንገቷን አውጥታ ወደ ላይ ትጣራለች፦ «ዩኑስ! ዩኑሴ! ማዳም ተኝታለች!»

ዩኑስ በሆዱ የያዛት አንዲት ነገር ነበረችው። ኮምፒውተር ሲበራ አንድን ፕሮግራም ያለ ሰው እጅ እንዲያስነሳ ማድረግ፣ የኬረላው ሰውዬ ገና በመጀመሪያው ዓመት ያስተማረው ነገር ነው። ጦይባ አንድ ቀን፣ «እንደ እኛ በራሷ መነሳት አትችልም?» ብላ ስትጠይቀው ግን «ከባድ ሹግል ነው እትዬ፤ ብዙ ሥራ አለው» ብሎ አለፋት። ሥራ ከፈታ ወዲህ፣ ስድስት አልጋ በተደረደረበት ክፍል ውስጥ ዓይኑን ሲገልጥ፣ እሱን የሚፈልገው ነገር ያ ጥሪ ብቻ ነበር። ማዳም በራሷ ከተነሳች ማን ይጠራዋል?

ዛሬ ግን ረቡዕ ነው፤ ትናንት ማታ ደግሞ ከቡር ዱባይ ተደውሎለታል።

ወንበር ላይ ወጥቶ ማዳምን አበራ፣ ስሟን ሰጣት፣ ፓስዎርዷን ሰጣት፣ ፕሮግራሙን ጠራላት። የቀኑ ትዕዛዝ ተዘረገፈ። ሳይወርድ፣ ጀርባውን እንደሰጣቸው፣ «እሁድ፣ ሳምንቱ ሲጀምር፣ ሥራ ግባ ብለውኛል» አለ።

የጦይባ ጭልፋ ከእጇ ወደቀ። እልልታዋ የድስቱን ክዳን አንቀጠቀጠው። «ጠሩት! ያ ረቢ፣ ጠሩት!» ሹኩሪያ ቢላዋን እንደያዘች ትከሻዋን መምታት ጀመረች።

«ቢላዋውን አስቀምጪ! ልጁን ሥራ ሳይገባ ልትወጊው ነው?»

«ደስ ብሎኝ ነዋ!»

ከዚያ ሁለቱም ባንዴ ወደ ፍሪጁ አናት ቀና አሉ።

«ማዳምስ?» አለች ሹኩሪያ።

«ማደሪያዬም እዚያው ነው። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ጀምሮ ሥራ ላይ ነኝ፤ ስልክ ማንሳትም አልችልም» አለ ዩኑስ።

ጦይባ ጭልፋዋን አንስታ ማጠብ ያዘች። ንጹሕ ከሆነ በኋላም አጠበችው። «እንግዲህ ወደ ወረቀታችን እንመለሳለና» አለች በመጨረሻ። «ያኔ ሃያ ምሳ ነበር፤ አሁን ስልሳ ሆኗል እንጂ። ቢሆንም አብሽር። ሪዝቅህ፣ እንጀራህ ጠርቶሃል፤ በእኛ የተነሳ አንድ እግርህ እንኳ ወደ ኋላ እንዳይል።»

ብትለምነው ይሻለው ነበር።

«አይ እትዬ። በራሷ እንድትነሳ አድርጌ ነው የምሄደው።»

«ከባድ ሹግል ነው አላልከኝም?»

«ቀሏል።»

«ከመቼ ወዲህ?» አለች ሹኩሪያ።

«ከትናንት ወዲህ።»

ሹኩሪያ ማስኩ ውስጥ ሳቀች፤ ማስክ አፍን እንጂ ዓይንን አይሸፍንም።

ከሰዓት በኋላ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ምድጃው ጠፍቶ ድስቱ ሲታጠብ፣ ዩኑስ ወንበሩ ላይ ወጥቶ ሥራውን ጀመረ። የመጀመሪያው ሙከራ ከሸፈ። ኮምፒውተሯ ስትበራ የምታስነሳቸው ነገሮች ዝርዝር ውስጥ የፕሮግራሙን ስም ጨመረና አጥፍቶ አበራት፤ ሰሌዳው እንደ ወትሮው ስም ጠየቀ። ፕሮግራሙ ተነስቶ ነበር፤ ነገር ግን የሚጽፍበት ሰሌዳ የሰጠው ስለሌለ፣ ከጀርባ በጨለማ ተነስቶ በጨለማ ወደቀ።

«ተነስታለች፤ ግን ፊት የላትም» አለ ለሹኩሪያ።

«እኔም እሁድ ጠዋት እንደዚያው ነኝ።»

መላው ቅደም ተከተሉን መቀየር ነበር፤ መጀመሪያ ሰሌዳውን መክፈት፣ ከዚያ ፕሮግራሙን ሰሌዳው ላይ ማስቀመጥ። ኮምፒውተሯ ኤሌክትሪክ ባገኘች ቁጥር ቁልፍ ሳይነካ እንድትበራ፣ የመጀመሪያው ሰሌዳም ስምም ፓስዎርድም ሳይጠይቅ በወጥ ቤቱ ስም በራሱ እንዲከፈት አዘዘ። ሰሌዳው እንደተከፈተ የሚያነባት አንዲት ፋይል አለች፤ በእሷ መጨረሻ ላይ የፕሮግራሙን ስም በአንድ መስመር ጻፈ። አጥፍቶ አበራ። ነጭ ጽሑፍ እንደ ሐምሌ ዝናብ ወረደ፣ አባራ፣ ሰሌዳው ጸዳ፤ ማንም ሳይጠየቅ ፋሪዳ ለነገ ያስገባችው ትዕዛዝ ተደርድሮ ቁጭ አለ።

«ቢስሚላህ!» አለች ጦይባ። «ማንም ሳይነካት!» ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አንግታ፣ ሁለት ትሪ በእጇ ይዛ ወደ በሩ አመራች። «አሁን የቀረው እሷን የሚያጠፋትን ሰው መያዝ ነው። ዋላሂ እጁን ነው የምቆርጠው! የሰው ድካም፣ የሰው ላብ…» እያለች ስትሄድ ክርኗ ግድግዳው ላይ የተደረደሩትን የሶኬት ማብሪያ ማጥፊያዎች ተከትሎ ሄደ። ጠቅ፤ የብሌንደሩ ሶኬት ጠፋ። ጠቅ፤ የውኃ ማፍያው። ጠቅ፤ የሩዝ መቀቀያው። ጠቅ፤ የማዳም። ጠቅ፤ የዋይፋዩ። «…እንዲያው ዝም ብሎ የሚያጠፋ ሰው አላህን አይፈራም?» ብላ፣ ንግግሯን ሳትሰብር፣ ወጣች።

ዩኑስ ወንበሩ ላይ፣ ሹኩሪያ ከዕቃ ማጠቢያው አጠገብ፣ ተያዩ። ሹኩሪያ የሂጃቧን ጫፍ አፏ ውስጥ ጎስጉሳ መሬት ላይ ተቀመጠች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል።

«ሁለት ወር!» አለች ትንፋሿ ሲመለስ። «ሁለት ወር ሙሉ እኔን ሌባ ስታደርገኝ! በጂን ሁሉ ጠርጥራ!»

ጦይባ እዚህ ከመግባቷ በፊት አሥራ አራት ዓመት ሚርዲፍ አንድ ቪላ ውስጥ ሠርታለች። የዚያ ቤት ማዳም ማንም ከክፍል በወጣ ቁጥር «ሶኬት!» ብላ ትጮኽ ነበር። የጦይባ እጅ ሁልጊዜ በትሪ ስለሚያዝ ማጥፋቱን ክርኗ ተማረው። ቤቱን ለቃ ከወጣች ስድስት ዓመት ሆኗታል፤ ጆሮዋ ጩኸቱን ረስቷል፣ ክርኗ ግን ዛሬም አደራውን ይወጣል።

«እንንገራት?» አለ ዩኑስ።

ሹኩሪያ ዓይኗን እየጠረገች አሰበች። ሁለት ወር የተሸከመችውን ስድብ ሁሉ ለመመለስ ምቹ ቀን ነበር። «ተዋት» አለች። «ታፍራለች። ደግሞ እሷ ብትሰማ ክርኗ አይሰማም።»

«እሱስ እውነት ነው። ከክርን ይልቅ ኮምፒውተር ማስተማር ይቀላል።»

የጠፋውን እንደጠፋ ትተው ወጡ፤ ጠዋት ሶኬቶቹ ሲበሩ ማዳም ራሷ ትፈተናለች።

ሐሙስ ዩኑስ ሆን ብሎ አልጋው ላይ ቆየ። ከአንድ ሰዓት ተኩል ጀምሮ ጣራውን እያየ ጆሮውን ወደ መስኮቱ ሰጠ። የዕቃ መኪና አለፈ፣ ርግብ ጮኸ፤ ስሙን የጠራ የለም። ደስ ሊለው ይገባ ነበር። ወደ ግድግዳው ዞሮ ተኛ፤ ተመልሶ ዞረ። ሦስት ሰዓት ሲሆን አላስቻለውም፤ ሸሚዙን ለበሰና ወረደ።

ወጥ ቤቱ ውስጥ ሁለት ወንበር ከጠረጴዛ ወርዷል። ጦይባ በአንዱ ላይ ተቀምጣ እግሯን የሽንኩርት ሣጥን ላይ ዘርግታለች። ሹኩሪያ ፊት ለፊቷ ሆና በጦይባ ግራ እጅ ላይ የሒና ሐረግ ትስላለች። ድስቶቹ እንደታጠቡ ናቸው።

«ና ዩኑሴ፣ ሻይ ጠጣ!» አለች ጦይባ። «ማዳም ዛሬ ዕረፍት ሰጠችን። በራሷ ተነስታ፣ በራሷ ዕረፍት! ከአምስት ማዳም እንዲህ ያለች አልገጠመችኝም።»

ዩኑስ ቀና ሲል ፍሪጁ አናት ላይ፣ በጥቁሩ ሰሌዳ መሐል፣ አንድ ትልቅ ነጭ ዜሮ ተቀምጧል።

«እትዬ… ትናንት ያየነው ትዕዛዝስ?»

«እኔም ብያለሁ» አለች ሹኩሪያ። «እትዬ ግን ‹ፋሪዳ አጥፍታው ይሆናላ፣ ማዳም ዋሽታ አታውቅም› አለችኝ።»

ዩኑስ ወንበር ሳይፈልግ ፍሪጁን ተንጠለጠለበት። ሌላ ሰሌዳ ከፈተና እስከ መጨረሻው አነበበ። ነገሩ ወዲያው ገባው። ጦይባ ጠዋት ሶኬቶቹን ባንዴ ስታበራ ማዳም በግማሽ ደቂቃ ውስጥ ትነሳለች፤ ዋይፋዩ ግን ዓይኑን እስኪገልጥ ሁለት ደቂቃ ይፈጅበታል። ማዳም ተነስታ «ምን ትዕዛዝ አለ?» ብላ ጠየቀች፤ የሚመልስላት የዋይፋይ መስመር ገና አልተነሳም፤ ዝምታውን «የለም» ብላ ተረጎመችና ዜሮዋን ጽፋ ተቀመጠች። ዳግመኛም አልጠየቀች። ትናንት ሲሞክራት ዋይፋዩ አልጠፋም ነበር። ክርኗ ዋይፋዩን ጠቅ ሲያደርግ በዓይኑ አይቷል፤ አይቶም ስቋል እንጂ አላሰበም።

ፕሮግራሙን አጥፍቶ አስነሳው። የሥጋ መስቀያዎቹና ጉብታዎቹ እየተግተለተሉ ወረዱ።

«ሃምሳ አራት» አለ።

«ሃምሳ አራት ምን?» አለች ጦይባ።

«ሃምሳ አራት ምሳ።»

ጦይባ ሒና የተቀባ እጇን እንደሚማረክ ወታደር ወደ ላይ አንስታ ቆመች። ምሳውን የሚያደርሰው የሙሐመድዘይን መኪና የሚወጣው አምስት ተኩል ላይ ነው። አንድ ጊዜ ሰዓቱን፣ አንድ ጊዜ እጇን አየች፤ ከዚያ የሆነችው ሌላ ሴት ነበር። «ፌስታል!» አለች። ሹኩሪያ ፌስታል አጥልቃ አንጓዋ ላይ በጎማ አሰረችላት። «ሩዝ ጣጂ! ዩኑስ፣ ካሮት! በደንብ ፋቀው እንጂ፣ ኮምፒውተር አደረግኸው እንዴ? ሥጋውን አውጪ! ዛሬ ሶናፑር ጾሙን ቢውል ዋላሂ ቁልፉን ለፈረጅ በፖስታ ነው የምልከው!»

ባንድ እጇ ሦስት ድስት አማሰለች፤ በፌስታሉ እጇ አቅጣጫ ታመለክታለች። ሹኩሪያ እየከተፈች በደረሰባቸው ነገር ላይ እዚያው ግጥም ትገጥማለች፤ ዩኑስ ይቀበላታል፤ ጦይባ «ዝም በሉ» እያለች ራሷ በጭልፋ ትመታለች። ሾፌሩ ሙሐመድዘይን አምስት ሰዓት ላይ «ሰላም አለይኩም» ብሎ ሲገባ ሰላምታው ሳይመለስለት ክዳን ተሰጠው። «እኔ ሾፌር ነኝ» ቢል «ዛሬ ክዳን ነህ» አሉት። አምስት ተኩል አልፎ ሰባት ደቂቃ ላይ መኪናው ሃምሳ አራቱንም ይዞ ወጣ።

ሦስቱም እንደ ባዶ ጆንያ ወንበር ላይ ወደቁ። ጦይባ ቀድማ ሳቀች፤ ከዚያ ማንም ማቆም አልቻለም።

«ስማ ልጄ» አለች እንባዋን በክርኗ እየጠረገች። «ሰው ከእንቅልፉ ሲነሳ መጀመሪያ ፊቱን ይታጠባል። ከዚያ ነው ‹ምን አለ፣ ምን የለም› የሚለው። ያንተ ማዳም ፊቷን ሳትታጠብ ነው ያወራችው።»

ዩኑስ ጭንቅላቱን ነቀነቀ። የኬረላው ሰውዬም በአራት ዓመት ከዚህ የተሻለ አላስረዳውም። «እትዬ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ» አለ። «ሥራው ድሮም ከባድ አልነበረም።»

«አውቃለሁ» አለች የፌስታሉን ጎማ እየፈታች።

«እንዴት አወቅሽ?»

«ዘጠኝ ቀን ተቀምጠህ ከምንም የፈጠርካትን፣ መቀስቀሷ አቃተኝ ስትል ማን ያምንሃል? ባሌ ሥራ የፈታ ጊዜ በየጠዋቱ የሚጠፋብኝ ዕቃ ነበር፤ እሱ ይፈልግልኛል። አንዳንዴ ደባቂዋ ራሴ ነበርኩ። ወንድ ልጅ ጠዋት የሚጠራው ሲያጣ ይታመማል።» ፌስታሉን ገፈፈችው። ሒናው በሙቀቱ ታፍኖ እንደ ሙሽራ ሒና ጠቁሮ፣ አንድ ሐረግ ሳይበላሽ ወጣ። «እዩልኝ እስቲ!» አለች እጇን እያገላበጠች። «ማዳምን የሚያጠፋትን ሰው ግን ገና አልያዝኩትም።»

ሹኩሪያ ሳል ያዛት፤ ተነስታ ውኃ ጠጣች።

ዓርብ ከጁምዓ ሰዓት በኋላ ዩኑስ ብቻውን ወረደ። ማዳም ስትነሳ መጀመሪያ የዋይፋዩ መስመር መነሳቱን እንድታረጋግጥ፣ እስኪነሳ ድረስ በዜሮ ፋንታ አንዲት ነጥብ ሰሌዳው ላይ ወዲያና ወዲህ እንድትመላለስ፣ መልስ ካላገኘች ደጋግማ እንድትጠይቅ አደረጋት። ፕሮግራሙ በሆነ ምክንያት ቢወድቅም ተመልሶ እንዲነሳ አዘዘ። ከዚያ ወደ በሩ እየሄደ በክርኑ አምስቱንም ሶኬት አጠፋ፤ ተመልሶ አበራ። ነጥቧ ተመላለሰች፣ ተመላለሰች፤ ከሁለት ደቂቃ በኋላ የትዕዛዙ ዝርዝር ወረደ። ስድስት ጊዜ አጠፋ፤ ስድስት ጊዜ ተነሳች።

ቅዳሜ አራት ሰዓት ላይ ሻንጣው በሩ አጠገብ ነበር። በላዩ ላይ ጦይባ በፎይል ጠቅልላ ያስቀመጠችው ሳምቡሳ አለ። «ምሳው ይውጣና ዱዓ አድርገን ነው የምንሸኝህ፤ ከዚህች ወንበር ንቅንቅ እንዳትል!» ብላዋለች። እሱም እንደ እንግዳ ተቀምጦ ሲያስተናግዱት ነበር። ስልኩ ነዘረ፤ ወደ ቡር ዱባይ የሚወስደው የጋራ መኪና ካሰበው ቀድሞ መንገዱ ላይ ቆሟል፤ ሦስት ሰው ውስጥ ይጠብቃል።

ሊናገር አፉን ሲከፍት ሹኩሪያ የሩዝ መቀቀያውን ከምድጃው ጋር አበራችውና ብሬከሩ ወረደ። አየር ማቀዝቀዣው አቃሰተና ዝም አለ። ማዳም ጠቆረች።

«ወይኔ!» አሉ ሦስቱም፤ ሙሐመድዘይንም ዛሬ ቀድሞ መጥቶ ነበር። የዩኑስ እግር ከወንበሩ ተነስቶ ወደ ፍሪጁ አንድ እርምጃ ሄደ። እዚያው አቆመው።

ጦይባ ብሬከሩን በክርኗ ወደ ላይ መለሰችው። ሁሉም አንገቱን አቀና። ነጭ ዝናብ ወረደ፣ አባራ። ነጥቧ ብቅ አለች፤ ወዲያ ሄደች፣ ወዲህ መጣች።

«ፊቷን እየታጠበች ነው» አለች ጦይባ በሹክሹክታ። «ማንም እንዳያናግራት።»

ድስቱ ብቻውን ተንፈቀፈቀ። ነጥቧ ተመላለሰች። ከዚያ ትዕዛዙ አንድ በአንድ መውረድ ጀመረ፤ ሶናፑር፣ ሶናፑር፣ ሚርዲፍ፣ ሶናፑር፤ ስልሳ ሁለት።

እልልታው ጣሪያ ነካ። ሹኩሪያ ፍሪጁን አቅፋ ሳመችው። «ያላ፣ ያላ!» አለች ጦይባ፣ ሒና ያለበት እጇ አየሩን እየቀዘፈ። «ስምንት ሚርዲፍ ይቅደም! በርበሬ የማይበላው የትኛው ነው? ክዳን! ክዳኑን ማን ወሰደው?»

«ሙሐመድዘይን ጋ ነው!»

«እኔ ጋ የለም! እኔ ዛሬ ሾፌር ነኝ!»

«በሉ እንግዲህ…» አለ ዩኑስ።

«ክዳን!» አለች ጦይባ።

ክዳኖቹ ከወንበሩ ጎን ነበሩ። አነሳና ለሹኩሪያ አቀበላት፤ እሷም ዓይኗን ከሰሌዳው ሳትነቅል ተቀበለችው። ስልኩ እንደገና ነዘረ። ሻንጣውን በአንድ እጁ፣ ሳምቡሳውን በሌላው ያዘ፤ በሩን በክርኑ ገፍቶ ወጣ።

ውጭ የሰኔ ፀሐይ ግድግዳው ላይ ነጭ ብሎ ተለጥፏል። በወጥ ቤቱ መስኮት ሥር ሲያልፍ ፍጥነቱን ቀነስ አደረገ። «ሶናፑር ሃያ! ሚጥሚጣው ለብቻው ይታሸግ!» ትላለች ጦይባ። «ማዳም ብላለች!» ትላለች ሹኩሪያ። ማስኩን ወደ አፍንጫው ከፍ አድርጎ፣ ጥሩንባ ወደሚነፋው መኪና አመራ።